ለሚካኤል ስንዴ አይቀቀልም

በእኛ ቤት ለሚካኤል ስንዴ አይቀቀልም። ይህን የተማርኩት ከቄስ አይደለም፤ ከአማቴ ነው። ሙሽራ ሆኜ በገባሁበት ዓመት፣ ለኅዳር ሚካኤል ይሆናል ብዬ ስንዴ ዘፈዘፍኩ። የአባቴ ቤት የሚያከብረው ቅዱስ ኒኮላን ነበር፤ ለኒኮላ ደግሞ ስንዴው ይቀቀልና ይፈጫል፣ ከስኳርና ዋልነት ከሚሉት ለውዝ ጋር ይለወሳል፣ ሻማው አጠገብ ይቀመጣል። አማቴ ድስቱን አየችና ከነውኃው አንስታ ከበረንዳው ላይ ወረወረችው።

«ስንዴ ለሞተ ነው» አለችኝ። «ኒኮላ ቅዱስ ቢሆንም ሞቷል፣ አፈር ገብቷል። ሚካኤል ሞቷል እንዴ? ማን ቀበረው? አንቺ ነሽ የቀበርሽው?»

ዶሮዎቹ ስንዴውን ሲለቅሙ ቆሜ አየሁ። አላለቀስኩም። ለአማት የሚሆን ዕንባ ኖሮኝ አያውቅም።

እዚህ በድሪና ወንዝ ዳር፣ ከቦስኒያ ወዲህ፣ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ቅዱስ አለው። ቀኑን ስላቫ እንለዋለን፤ ከአባት ለልጅ ይወርዳል። «የእነ እገሌ ሻማ ጠፋ» ከተባለ ወንዱ አለቀ፣ ቤቱ ተዘጋ ማለት ነው። ለስላቫ ሰው አይጠራም። የሚመጣ ራሱ ይመጣል፤ የመጣውን ደግሞ ጠላትህም ቢሆን ከደጅ አትመልሰውም። የቤቱ ጌታ ያን ቀን አይቀመጥም፣ ቆሞ ያስተናግዳል። በባሌ ወገን ደግሞ አንድ የቆየ ነገር አለ። ዳቦው ከመቆረሱ በፊት የቤቱ ጌታ የወይን ብርጭቆውን ያነሣና በዚያ ዓመት ስለደረሰበት ነገር እግዚአብሔርን ያመሰግናል፤ ያውም ነገሩን በስሙ ጠርቶ። «ስለ ሁሉም ተመስገን» ብሎ ማለፍ የለም። የባሌ አባት በረዶ የፕሪሙን ዛፍ ሁሉ በመታበት ዓመት ብርጭቆውን ይዞ ብዙ ቆየና «ጣሪያውን ስለተውክልን» አለ። ባሌ ሚሊሳቭ ሳንባውን ታሞ ሊሞት በቀረበበት ዓመት «አልጋዬ በመስኮት በኩል ስለሆነ» አለ። ልጄ ቪቶሚር የቤቱ ጌታ ከሆነ ወዲህ በየዓመቱ «ስለ ደሳንካ» ይል ነበር። ደሳንካ ሚስቱ ናት። ልጅ አልወለደችለትም፤ እሱ ግን በየዓመቱ ያችኑ ይላል፣ እሷም በየዓመቱ እንደ አዲስ ትቀላለች።

በመጋቢት ድሪና ሞላ። የኦብራድ በጎች ወንዙ መካከል ካለችው ደሴት ላይ ቀሩ። ኦብራድ የልጄ ሚዜ ነው፤ በእኛ ዘንድ ሚዜ ከወንድም አያንስም። ቪቶሚር ቁርሱን ሳይጨርስ ተነሣ። «ለበግ ብለህ?» አልኩት። «ለኦብራድ ብዬ» አለኝ፣ ዳቦውን እያኘከ። ከልጄ አፍ የሰማሁት የመጨረሻው ቃል ይኼ ነው።

ጀልባዋ ተገለበጠች። ኦብራድን ከአንድ አኻያ ዛፍ ላይ አወረዱት። ቪቶሚርን አጡት። ሰዎቹ ረጅም እንጨት ላይ መንጠቆ አስረው ከታች እስካለው ግድብ ድረስ ፈለጉት፤ አላገኙትም።

ሬሳ ከሌለ ሙት የለም አልኩ። ወንዙ ማዶ ቦስኒያ ነው፤ ማን ያውቃል፣ ማዶ ወጥቶ አንዱ ቤት ታሞ ተኝቶ ይሆናል አልኩ። ጥቁሩን እንደሆነ ባሌ ከሞተ ጀምሮ ለብሼዋለሁ፤ ለልጄ ብዬ የጨመርኩት የለም። ቄሱ ለጸሎተ ፍትሐት ሲመጣ ከበሩ መለስኩት። ኦብራድ ሲመጣ ደግሞ ውሻውን ፈታሁበት።

በየጠዋቱ ከሚካኤል ሥዕል ፊት ቆሜ «ተመስገን፣ ልጄ ሕያው ነው» እል ነበር። ሰው ሲሰማኝ «አቤት እምነት!» ይላል። እኔ ግን ጥርሴን ነክሼ ነው የምለው። አስቀድሜ ካመሰገንኩት እግዚአብሔር ያፍራል፣ ያልሰጠውን ምስጋና ተቀብሎ ዝም አይልም ብዬ ነው። እሱ ግን ዝም አለ። ፕሪሙ አበበ፣ አፈራ፣ ረገፈ። ዝም እንዳለ ኅዳር ገባ።

የሚካኤል ዋዜማ ዕለት ከቀትር በኋላ የስላቫውን ዳቦ አቡክቼ፣ በላዩ ላይ ከሊጥ የሠራኋትን ርግብ አስቀምጬ፣ ለምድጃው እንጨት ላመጣ ወጣሁ። በውጭው ማድ ቤት ጠረጴዛ ሥር በጨርቅ የተሸፈነ ድስት አየሁ። ጨርቁን ገለጥኩት። ስንዴ ነው፤ ውኃ ጠጥቶ አብጧል።

«ደሳንካ!» ብዬ ጮህኩ።

እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣች።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ስንዴ ነው።»

«ስንዴ መሆኑን እኔም አይቻለሁ፣ አልታወርኩም! ስንት ኅዳር እዚህ ቤት ቆይተሽ ለሚካኤል ስንዴ እንደማይቀቀል አታውቂም? መልአኩን ልትገድዪው ነው?»

«ለሚካኤል አይደለም፣ እማዬ።»

«ታዲያ ለማን ነው?»

መሬት መሬት አየች። ቀና አለችና «ለቪቶሚር ነው» አለች።

ድስቱን አንስቼ ወረወርኩት። ልክ እንደ አማቴ፣ ከነውኃው። ዶሮዎቹ ከየጥጉ ሮጠው መጡ። ደሳንካ እንደ እኔ ቆማ አላየችም። ጭቃው ላይ ተንበረከከች፤ ዶሮዎቹን በክርኗ እየገፋች ስንዴውን በሽርጧ መልቀም ጀመረች።

«ተነሺ! የእብድ ሥራ ነው የያዝሽው።»

«አልነሣም።»

«ሰው ያይሻል!»

«ይየኝ። ሰው እንደሆነ በየመንገዱ 'ባልሽ የት ነው?' ይለኛል። ምን ልበል? ሚስት ነኝ? መበለት ነኝ? ለአንቺ ቪቶሚር ሕያው ነው። ለእኔ ደግሞ እንዳልቀብረው የከለከልሽኝ ሬሳ ነው። ሌሊት እየመጣ 'በረደኝ' ይለኛል። አንድ ሻማ አላበራሁለት፣ አንድ ጭብጥ ስንዴ አልቀቀልኩለት።»

«ሕልም ነው።»

«እሺ፣ ሕልም ይሁን። ነገ ዳቦው ከተቆረሰ በኋላ ወንድሜ ጋ እሄዳለሁ። ሻንጣዬን አዘጋጅቻለሁ። አንቺ ከሻማሽ ጋር ቁጭ በይ።»

ሽርጧን ጨብጣ ወደ ቤት ገባች። እኔ እንጨቱን ይዤ ቀረሁ። ያን ቀን ዳቦው አንድ ወገኑ አረረ፤ በዕድሜዬ አርሮብኝ አያውቅም።

በማግሥቱ ዝናብ ነበር። ነጩን የጠረጴዛ ልብስ አነጠፍኩ፤ የተጠበሰውን አሳማ፣ የጎመን ጥቅሉን፣ ራኪያ የምንለውን የፕሪም አረቄ አቀረብኩ። በቪቶሚር ቦታ ቆምኩ። የቤቱ ወንድ እስኪመለስ ሻማውን የማበራው እኔ ነኝ ብዬ ክብሪቱን ጫርኩ። ጉልበቴ እንደ ዛገ ማጠፊያ ይንቋቋል፤ ቢሆንም አልተቀመጥኩም። ደሳንካ ሻንጣዋን በሩ ሥር አቁማ ሳህን ታመላልሳለች። አትናገረኝም፣ አልናገራትም።

ማንም አልመጣም። ባለፉት ዓመታት በዚህ ሰዓት ሰው ተቀምጦ ሰው ይተርፍ ነበር። በመጨረሻ ጎረቤቴ ኮሳራ ጃንጥላዋን እየዘጋች ገባች።

«እንኳን አደረሰሽ፣ ስታሜኒያ።»

«እንኳን አብሮ አደረሰን። ግቢ፣ ዝናቡ ጠጉርሽን ሳያበላሸው። ደግሞ ምን ቀርቶት ነው የሚበላሸው!»

«ሁሉ ነገርሽ አርጅቶ ምላስሽ ብቻ ቀረ» አለችና ተቀመጠች። ባዶዎቹን ወንበሮች አየች፣ ሻንጣውን አየች፣ ራኪያዋን በአንድ ትንፋሽ ጨለጠች። «ንገሪኝ ካልሽ እነግርሻለሁ።»

«ባልልሽስ ዝም ልትዪ ነው?»

«ሰው የቀረው ጠልቶሽ አይደለም። ከበርሽ ሲደርስ ምን እንደሚል ስለማያውቅ ነው። 'እንኳን አደረሰሽ' ቢል ኀዘን ላይ የሳቀ ይመስለዋል። 'ነፍስ ይማር' ቢል ውሻ ትፈቺበታለሽ። አንዱን ምረጪልን፣ እህቴ። እኛም እንረፍ።»

በዚህ መሐል የአባ ጋቭሪሎ አሮጌ መኪና ከበሩ ላይ እያሳለች ቆመች። አባ ጋቭሪሎ ወጣት ቄስ ነው፤ ጺሙ ገና አልሞላም። ያን ቀን ሚካኤልን የሚያከብረው ቤት ሁሉ ይጠብቀዋል።

«ይቅርታ እማማ፣ ዘገየሁ። በየቤቱ ካልበላህ አትወጣም ይሉኛል።»

«ሆድህ ይመሰክራል፣ አባ።»

ሳቀ፤ ሳቁን ሳይጨርስ ጠረጴዛውን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዳቦውን ከእኔ ጋር ማን ያዞራል? የቤቱ...» ብሎ አቆመ። የግድግዳው ሰዓት ብቻ ያወራል።

«ስንዴ የለም እንዴ?» አለ።

«ለሚካኤል ስንዴ አይቀቀልም።»

«እሱ እኮ የአሮጊቶች ሕግ ነው፣ እማማ። ቤተ ክርስቲያን...»

«በኮሚኒስቶች ዘመን ቤተ ክርስቲያንህ ቁልፍ ተቆልፎባት በነበረ ጊዜ ሻማውን መጋረጃ ዘግተው ያበሩት አሮጊቶች ናቸው፣ ልጄ። ሕጋቸውንም ተቀበል።»

ኮሳራ ወደ ብርጭቆዋ ሳቀች። ወዲያው ውሻው ጮኸ። በመስኮቱ አየሁ። ከበሩ ውጭ፣ ዝናቡ ላይ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ ኦብራድ ቆሟል። በብብቱ አንድ ጥቅል ይዟል።

ደሳንካ አየችኝ። ኮሳራም አየችኝ። በስላቫ የመጣ አይመለስም። «ውሻውን ያዢው» አልኳት ደሳንካን።

ኦብራድ ገብቶ ከበሩ አጠገብ ቆመ። ከልብሱ የሚንጠባጠበው ውኃ ወለሉ ላይ ኩሬ ሠራ። ከስቷል፤ አንገቱ የኮሌታውን ግማሽ አይሞላም።

«ተቀመጥ» አልኩት።

«አልቀመጥም፣ እማማ ስታሜኒያ።»

«በስላቫ የሚቆመው የቤቱ ጌታ ነው። አንተ ማን ሆነህ ነው የምትቆመው?»

«የቆምኩት ስለ እሱ ነው» አለ። ጥቅሉን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አኑሮ ፈታው።

የቪቶሚር የሱፍ ካፖርት ነው። ታጥቦ፣ ተጣጥፎ። በቀኝ ክርኑ ላይ የጣፍኩትን ጨርቅ አየሁት፤ ክሩ አልተገኘልኝም ብዬ በአረንጓዴ የጣፍኩት ነው።

«ይህን ከየት አመጣኸው?»

«ከእጄ» አለ ኦብራድ። «ጀልባዋ ስትገለበጥ እሱ ነው ወደ አኻያው የገፋኝ። አንድ እጄ ቅርንጫፉን ያዘ፣ በአንዱ እጄ ኮሌታውን ያዝኩት። ያዝኩት እማማ፣ በልጆቼ እምላለሁ፣ ያዝኩት! ውኃው ጎተተው፤ ከካፖርቱ ውስጥ ሾልኮ ወጣ። ካፖርቱ እጄ ላይ ቀረ። ግንድ እየተንከባለለ መጣና በላዩ አለፈ። እኔ ከዛፉ ላይ እስኪያወርዱኝ ድረስ ዓይኔን ከውኃው አላነሣሁም። አልወጣም። ማዶም አልወጣም። ወጥቶ ቢሆን አየው ነበር።»

ደሳንካ ግድግዳውን ይዛ ቁልቁል ተንሸራተተችና ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«ለምን እስከ ዛሬ አልነገርከኝም?»

«መጣሁ እኮ፣ እማማ። ስንት ጊዜ መጣሁ!»

እውነቱን ነው። መጥቷል። የሚነግረኝን አውቄ ነው ውሻ የፈታሁበት። ከመጋቢት ጀምሮ አውቄዋለሁ፤ ድሪና የወሰደውን እንደማይመልስ በዚህ ሸለቆ የማያውቅ የለም። ለእግዚአብሔር ያቀረብኩት ያ ሁሉ ተመስገን ወጥመድ ነበር፤ የተያዝኩበትም እኔው ነኝ።

ካፖርቱን አነሣሁት። የልጄ ሽታ የለውም። የሳሙና ሽታ ብቻ ነው ያለው። ያኔ ውስጤ የቀረው ነገር ሁሉ ወለቀ።

ሻማው ይነዳል። በእኛ ዘንድ የስላቫ ሻማ በትንፋሽ አይጠፋም፤ ቀኑ ሲያልቅ የቤቱ ጌታ ከብርጭቆው ወይን አንጠብጥቦ ያጠፋዋል። የቤቱ ጌታ ደግሞ ድሪና ውስጥ ነው። ቀኔ አልቋል አልኩ በልቤ። የማን ሻማ ነው የሚነደው? ብርጭቆውን አነሣሁ። ሻማው ላይ አዘነበልኩት።

«እማዬ» አለች ደሳንካ ከወለሉ።

ቄሱ አንድ እርምጃ ተራመደ፤ ኮሳራ ቀሚሱን ይዛ አስቀረችው። ያቺ ሴት በሕይወቷ አንድ ጊዜ ዝም ማለት የሚገባትን ሰዓት ያወቀችው ያን ቀን ነው።

ወይኑ ሳይንጠባጠብ ብርጭቆው እዚያው አየር ላይ ቀረ። የሚያመሰግኑበትም ብርጭቆ፣ ሻማ የሚያጠፉበትም ብርጭቆ ያው ነው። የባሌ አባት በረዶ በመታን ዓመት ይህንኑ ብርጭቆ ይዞ ለምን ብዙ እንደቆየ ያን ጊዜ ገባኝ። እኔም ቆየሁ። በስሙ ጠርቼ የማመሰግንበት ነገር ፈለግኩ። ቤቱን ሁሉ በዓይኔ ዞርኩ፤ ወንበሮቹ ባዶ ናቸው፣ ዳቦዬ አርሯል፣ ምራቴ ወለል ላይ ናት፣ ሻንጣዋ በር ላይ ነው። ኦብራድ ቆሟል። ልብሱ ይንጠባጠባል፤ ግን ይተነፍሳል። ልጄ ቁርሱን ትቶ የሄደለት ነገር ይኸው ፊቴ ቆሟል።

ከዚህ የሚመር ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

«ጌታዬ ሆይ» አልኩ። «ደስ ብሎኝ እንዳይመስልህ። እጅህ ከብዶብኛል፣ ለምን እንዳደረግከው አይገባኝም፣ ብትነግረኝም የሚገባኝ አይመስለኝም። ግን ልጄ ያወጣውን ሰው አንተ አልወሰድከውም። ስለ ኦብራድ ተመስገን።»

ኦብራድ ፊቱን በባርኔጣው ሸፈነ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

ቆም አልኩና «ስለ ደሳንካም» ብዬ ጨመርኩ። «ይህን የሚልልህ ሰው ስለሌለ እኔ ብዬዋለሁ።»

ከወይኑ ጠጣሁ። ኮምጣጣ ነበር።

አባ ጋቭሪሎ ዳቦውን አነሣ። በአንድ ወገን እኔ፣ በአንድ ወገን ደሳንካ፣ በማዶ ኦብራድ ያዝነው፤ እየዘመረ ሦስት ጊዜ አዞርነው። በመስቀል ቅርጽ ቆረሰው፣ ወይን አፈሰሰበት፣ ወደ እኔ ይዞ መጣ። የቤቱ ጌታና ቄሱ ዳቦውን ሲስሙ ቄሱ አንድ ቃል ይላል፣ የቤቱ ጌታ ይመልሳል።

«ክርስቶስ በመካከላችን ነው» አለ።

የት ነው ያለው? በመጋቢት የት ነበር? ወንዙ ላይ የት ነበር?

«ክርስቶስ በመካከላችን ነው፣ እማማ» አለ እንደገና፣ በቀስታ።

ዳቦውን ሳምኩት፤ ያረረው ወገን ነው የደረሰኝ። መልሱን ከምላሴ ላይ ፈለግኩት፤ አጣሁት።

ሦስተኛውን ሲል ወንጌሉን እንደሚያነብ ሰው አልነበረም፤ እንደሚለምን ልጅ ነበር። እንግዲህ ካልኩ አልኩ፣ ካላልኩ ደግሞ ወዴት እሄዳለሁ? የልጄ መቃብር ያለው እሱ ዘንድ ነው። ሌላ ጠባቂ የለውም።

«ነው» አልኩ። «ይኖራልም።»

ልቤ አልሞቀም። ማንም መልአክ አልወረደም። ቃሉን አልኩት፣ ከዚያ ቆሜ ስጋውን ቆረጥኩላቸው። ደሳንካ ከወለሉ ከተነሣች ወዲህ አልተቀመጠችም፤ ሻንጣውን አልፋ ለኦብራድ ደረቅ ፎጣ አመጣችለት። ወደ ማታ ላይ ሌሎችም መጡ፤ ኮሳራ ወጥታ ምን እንደነገረቻቸው አላውቅም፣ ሁሉም ከበሩ ሲገቡ ሁለቱንም አሉኝ። እንኳን አደረሰሽ፤ ነፍስ ይማር። ለሁለቱም አሜን አልኩ። ወንበሩ ሞላ። እኔ ቆምኩ።

ሻማውን በወይኑ ሳጠፋ ደሳንካ ሳህን እያጠበች ነበር።

«ያ የለቀምሽው ስንዴ የት አለ?» አልኳት።

ዞር አላለችም። «አጥቤ አስቀምጬዋለሁ። ጠጠሩንም ለቅሜዋለሁ።»

«ዛሬ አይሆንም። ዛሬ የሚካኤል ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ነገ እቀቅለዋለሁ። ዋልነቱን አንቺ ፍለጪ፤ የኔ ጥርስም እጅም አይችለውም። ከዚያ ወዴት እንደምትሄጂ አንቺ ታውቂያለሽ።»

የመጨረሻውን ሳህን አጥባ ደረደረች። ሻንጣው ግን ያን ሌሊት በሩ ሥር አደረ።

በማግሥቱ ጠዋት ስንዴውን ጣድኩት። ትንሽ ነበር፤ ዶሮዎቹ የበሉት ይበዛል። ሲፈላ ቆሜ አማሰልኩት። በእንፋሎቱ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የልጄን ስም ጠርቼ ነፍስ ይማር አልኩ። ቃሉ ደረቴን ለሁለት ከፈለው፤ ቢሆንም አልኩት። አባ ጋቭሪሎ መጥቶ ዕጣኑን አጠነ፣ ጸለየልን። ካፖርቱን ከሥዕሉ ሥር ወንበር ላይ አስቀምጠነው ነበር።

ደሳንካ ስንዴውን ከስኳሩና ከዋልነቱ ጋር ለውሳ አመጣች። መስቀል አማተብኩና የመጀመሪያዋን ማንኪያ ቀመስኩ። ስኳር አብዝታበታለች።

ምንም አላልኩም።